8116 የምርት ቀን መስሎኝ፦ የድሮ ኮምፒውተር ሜሞሪ ቺፕ አነባበብ

ኮምፒውተሩ እጄ የገባው ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው። ያረጀ ንብረት ሲያስወግዱ ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከዛጉ ካቢኔቶች ጋር ተጫርቼ ወሰድኩት። ወንበሮቹን ለጎረቤት ሰጠሁ፣ ካቢኔቶቹን ሸጥኩ። የቀረኝ ያ ከባድ ሳጥን ነበር። አይቢኤም ኤክስቲ፣ ሞዴል 5160። በ1983 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው ማለት ነው። ባለቤቴ አየት አድርጋ «ይሄ ደግሞ ጀነሬተር ነው?» አለች። አልፈረድኩባትም። ፋኑ ሲነሳ ድምፁ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

አቧራውን ጠረግኩ። ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው በቴስተር ለካሁ። ከዚያ አበራሁት። ትንሽ አሰበ፣ አሰበና አረንጓዴው ሞኒተር ላይ አንድ መስመር ቁጥር ጻፈልኝ። የመስመሩ መጨረሻ 201 ይላል።

በአይቢኤም ቋንቋ 201 ማለት ሜሞሪ ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ጥሩው ነገር፣ ማሽኑ ችግር አለ ብሎ ብቻ አይተዋችሁም። ከ201 በፊት ያሉት ቁጥሮች የትኛው ቺፕ እንደሆነ ይናገራሉ። የመጀመሪያው ክፍል ቦታውን ያሳያል። ከ201 በፊት ያሉት ሁለት አኃዞች ደግሞ የተበላሸውን ቢት (0 ወይም 1 የሚይዘውን የመረጃ ቅንጣት) ያሳያሉ፤ በአንድ ረድፍ ለእያንዳንዱ ቢት አንድ ቺፕ አለ። 01 ከሆነ ቢት ዜሮ ነው። 02 ቢት አንድ፣ 04 ቢት ሁለት፣ 08 ቢት ሦስት። ከዚያ 10፣ 20፣ 40፣ 80 እያለ እስከ ቢት ሰባት ይሄዳል። 00 ከመጣ ችግሩ ያለው ዘጠነኛው፣ ማለትም ሌሎቹን ስምንት የሚቆጣጠረው የፓሪቲ ቺፕ ላይ ነው። ሁለት ቺፖች አንድ ላይ ከታመሙ ቁጥሩ ይደመራል፤ 30 ካያችሁ 10 እና 20 ናቸው። የኔው 20 ነበር። ቢት አምስት።

ግን 201 ስላያችሁ ብቻ ቺፕ ልትገዙ አትሩጡ። እነዚህ ማሽኖች ውስጥ ቺፖቹ የተቀመጡት ሶኬት ላይ ነው። ማሽኑ በበራና በጠፋ ቁጥር ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። በዓመታት ውስጥ ቺፑ በጥቂት በጥቂቱ ከሶኬቱ ወደ ላይ ይወጣል። በዓይን ብዙም አያስታውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ መብራቱን ንቀሉ። ከቦርዱ ሥር ደገፍ አድርጉና እያንዳንዱን ቺፕ በአውራ ጣት ጫን ጫን በሉት። እኔ ስጫን ሁለቱ «ቀጭ» ብለው ገቡ። ደስ አለኝ። አበራሁት። አሁንም 20 201።

ቀጣዩ ደግሞ በነፃ የሚሠራ ምርመራ ነው። ቢት አምስትን ከጎረቤቱ ከቢት ስድስት ጋር ቦታ አቀያየርኳቸው። ቁጥሩ ከ20 ወደ 40 ከተቀየረ ቺፑ ነው የታመመው። እዚያው 20 ላይ ከቀረ ሶኬቱ ወይም መስመሩ ነው። አበራሁት። 40። ቺፑ ነው፣ ተያዘ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ችግሩ ከመጀመሪያው ረድፍ ውጭ ከሆነ ነው። ረድፉን ባንክ ይሉታል። ባንክ ዜሮ ከታመመ ማሽኑ ስክሪን ላይ የሚጽፍበት አቅም እንኳ የለውም። ጭልም ብሎ ይቀራል። እንደዚያ ሲሆን ከሌላ ባንክ ጤነኛ የሆኑትን እያነሱ ወደ ባንክ ዜሮ ማዛወር ያዋጣል።

ቺፑን ሳነሳው ጀርባውን አየሁት። 4164 ይላል፣ ይህ የቺፑ ስም ነው፤ ሥሩ 8432። የጎረቤቶቹም እንደዚያው። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ 8709 ነበረው። ይህ አራት አኃዝ የምርት ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመት፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ሳምንት። 8432 ማለት የ1984 ሠላሳ ሁለተኛው ሳምንት ነው። በኛ አቆጣጠር 1976፣ ነሐሴ ሲገባ። አንድ ጓደኛዬ 84ቱን አይቶ «ይሄማ ደርግ ከወደቀ በኋላ የተሠራ ነው» ብሎ ተከራክሮኛል። ቺፕ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። 8709ኙ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረኝ። በዙሪያው ያሉት ሁሉ የ1984 ሆነው እሱ ብቻ የ1987 ከሆነ፣ ከኔ በፊት አንድ ባለሙያ እዚህ ሶኬት ላይ ተጎንብሶ ነበር ማለት ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም። እጁ ግን ንጹሕ ነው፣ አንድ እግር አላጣመመም።

እንግዲህ ይህቺን የቀን ነገር ባወቅኩ በሳምንቱ ነው ጉድ የሆንኩት።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። የድሮ ቦርድ የሚቆልሉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ቦርዶቹን የሚሸጡት እንደ ብረት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንት ነው?» አንድ አሮጌ ካርድ አንስቼ።

«በኪሎ ነው የምሰጠው። ወርቅ አለው።»

«እኔ ወርቁን አልፈልግም፣ አንድ ካርድ ብቻ ነው።»

«አንድ ካርድ ምን ያደርግልሃል?»

«ኮምፒውተር ላስነሳበት።»

ካርዱን ተቀብለው ገለባበጡት። «ይሄ እኮ ያንተ ታላቅ ሳይሆን አይቀርም፣ ልጄ» ብለው ሳቁ። በ200 ብር ተስማማን።

ካርዱ ላይ ሁለት ረድፍ ነበር። በያንዳንዱ ረድፍ ዘጠኝ ቺፕ፣ ሁሉም ሶኬት ላይ። እያንዳንዱ ባለ 16 እግር ነው። የኔው 4164ም ባለ 16 እግር ነው፣ በረድፍ ዘጠኝ ነው። ጽሑፉ ግን ተፍቋል። ያነሳሁት ቺፕ ላይ በግልጽ የሚነበበው 8116 ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ እውቀቴ ራሴ ላይ ወጥቷል። የ1981 አሥራ ስድስተኛው ሳምንት! አልኩ። ቀኑ ይሄ ነው፤ ስሙ ተፍቋል፤ መልኩ ግን አንድ ነው። ሰካሁት።

ስክሪኑ ጭልም አለ። ያ የለመድኩት 201 እንኳ የለም። ልቤ ቀጥ አለ። አጠፋሁት፣ ነቀልኩት፣ የድሮውን የታመመ ቺፕ መለስኩ። 201 ተመልሶ መጣ። በሕይወቴ ስሕተት የሚል ጽሑፍ አይቼ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ማታ ከካርዱ የቀሩትን ቺፖች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ልጄ የምትጠቀምበትን ጠመኔ አመጣሁ። ጠመኔውን ጀርባቸው ላይ አሸት አሸት አድርጌ በደረቅ ጣት ጠረግኩት። ነጩ ዱቄት ፊደሎቹ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከ8116 በፊት ሁለት ፊደል ብቅ አለ፦ ኤምቢ። ሥሩ ደግሞ ሌላ መስመር፦ 8208። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ቀኑ 8208 ነው፣ የ1982 ስምንተኛው ሳምንት። 8116 ቀን አይደለም፤ የቺፑ ስም ነው። ኤምቢ 8116 የፉጂትሱ ሥራ ነው፤ ሌላው ዓለም 4116 ከሚለው ጋር አንድ ነው። የሚይዘው 16 ኪሎቢት ነው፣ 64 አይደለም።

መያዝ ማነሱ ብቻ ቢሆን ማሽኑ ራሱ በቁጥር ነግሮኝ ያልፍ ነበር። ዋናው ልዩነት ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። 4116 ሦስት ዓይነት ቮልቴጅ ይፈልጋል። እግር 1 ላይ ኔጋቲቭ 5፣ እግር 8 ላይ 12፣ እግር 9 ላይ 5 ቮልት። 4164 ግን 5 ቮልት ብቻ ነው የሚበላው፣ እሱም እግር 8 ላይ። እግር 1 ባዶ ነው። እግር 9 የአድራሻ መስመር ነው። የሁለቱም መሬት እግር 16 ነው። እኔ ያንን የ16 ኪሎቢት ቺፕ ስሰካ 12 የሚጠብቀው እግር 5 አገኘ፤ ኔጋቲቩ ጭራሽ የለም። አድራሻ የሚመላለስበት መስመር ደግሞ የቺፑ መብራት መግቢያ ላይ ገባ። ያ መስመር የጋራ ነው። ማሽኑ የጨለመው በዚህ ይመስለኛል፤ አንዱ የጋራውን መስመር ሲይዘው ሌሎቹም አብረው ዝም አሉ።

እኔ ግን ዕድለኛ ነኝ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ አለቀ። የመጀመሪያዎቹ የአይቢኤም ፒሲ 5150 ቦርዶች፣ ከ16 እስከ 64 ኪሎባይት የሚይዙት፣ የሚሠሩት በ4116 ነው። እዚያ ላይ 4164 ከሰካችሁ 5 ቮልት የሚጠብቀው እግር 12 ይመጣበታል። ቺፑ ወዲያው ነው የሚሰናበተው። የ5150 ኋለኛው ቦርድ፣ ከ64 እስከ 256 የሚባለው፣ ደግሞ 4164 ነው የሚፈልገው። ሁለቱም ቦርድ ያለው አንድ ዓይነት ሳጥን ውስጥ ነው። ከውጭ ሲታዩ ለመለየት ያስቸግራል።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ስሙ አጠራጣሪ ከሆነ ቺፑን ሳልሰካ ማሽኑን አብርቼ ባዶ ሶኬቱን እለካለሁ። የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ እግር 16 ቀዳዳ ላይ፣ ቀዩን እግር 8 ላይ። 5 ካነበበ የ4164 ቤተሰብ ነው። 12 ካነበበ የ4116። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ እንዳታነካኩ ብቻ። እግር ስትቆጥሩ ደግሞ ቺፑ ራስ ላይ ያለችውን ግማሽ ክብ ጎድጓዳ ወይም ነጥብ ወደ ላይ አድርጉ። ከግራ ላይኛው 1 ብላችሁ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። 8 ግራ ታች ነው፣ 9 ፊት ለፊቱ። ከዚያ በቀኝ በኩል ወደ ላይ፤ 16 ከ1 ትይዩ ነው። የ74 ተከታታይ ቺፕ የለመደ ሰው እዚህ ይሳሳታል። እነሱ ባለ 16 እግር ሲሆኑ ብዙ ጊዜ እግር 8 መሬት፣ 16 ደግሞ 5 ቮልት ነው። የነዚህ ሜሞሪዎች ግልባጩ ነው። ገልብጦ መሰካትም የሚያስከትለው ጣጣ ያው ነው።

ስሙን ስለማንበብ ላምጣው። እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ የሚመቸውን ስም ሰጥቷል፤ ዓይን የሚያጭበረብረው ይሄ ነው። ፊት ያሉት ፊደሎች የፋብሪካው ናቸው። ቲኤምኤስ ካለ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነው። ኤችኤም ሂታቺ፣ ኤምቢ ፉጂትሱ፣ ኤምኤስኤም ኦኪ፣ ኤምኬ ሞስቴክ፣ ኤምቲ ማይክሮን፣ ኬኤም ሳምሰንግ። ኔክ ዲ ብሎ ይጀምራል። ከፊደሎቹ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ውስጥ ደግሞ መጨረሻውን እዩ። 16፣ 64፣ 256 ከሆነ የኪሎቢት መጠኑ ነው። ቴክሳስ 4164 የሚለውን ሂታቺ 4864 ይለዋል፤ ፉጂትሱ 8264፣ ኦኪ 3764። ሁሉም አንድ ናቸው፣ 64 ኪሎቢት። 256 ሲሆን ብዙዎቹ 41256 ይሉታል፤ ፉጂትሱ 81256፣ ሂታቺ 50256።

ፉጂትሱ 8264ን ልብ አላችሁ? እንደ ቀን ብናነበው የ1982 ስልሳ አራተኛ ሳምንት ይሆናል። ዓመት ስልሳ አራት ሳምንት የለውም፤ ስለዚህ ሰው አይሳሳትበትም። 8116 ግን ፍጹም ቀን ይመስላል። እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ቀኑን እንኳ አምኜ ትንሽ ባስብ ኖሮ መንቃት ነበረብኝ። በ1981 አይቢኤም ራሱ ፒሲውን ያወጣው በ16 ኪሎቢት ቺፕ ነበር። በዚያ ዘመን ካርድ ላይ ባለ 16 እግር ቺፕ ስታዩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለባችሁ 4116ን ነው።

ኪሎቢት ነው ያልኩት፣ ኪሎባይት አይደለም። አንድ 4164 በአንድ ጊዜ የሚሰጠው አንድ ቢት ብቻ ነው። ስምንቱ ተሰልፈው አንድ ባይት ይሠራሉ። ዘጠነኛው ተቆጣጣሪ ነው፣ ፓሪቲ የሚሉት። ስለዚህ የኔ ማሽን አራት ረድፍ በዘጠኝ፣ ሠላሳ ስድስት ቺፕ አለው። በጠቅላላ 256 ኪሎባይት። ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶ እንኳ ብዙ ጊዜ አይገባበትም።

ባለ 18 እግር ስታዩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። 4464 ባለ 18 እግር ነው፤ 64 ኪሎ በአራት ቢት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አራት ቢት ይሰጣል። 1 ሜጋቢት በአንድ የሆነውም ባለ 18 እግር ነው። ሁለቱ አይተካኩም። 44256 ደግሞ ባለ 20 እግር ነው፤ 256 ኪሎ በአራት። እሱን የድሮ ቪጂኤ ካርድ፣ ማለትም ምስል ወደ ሞኒተር የሚልከው ካርድ ላይ ታገኙታላችሁ። ስምንት ከሆኑ 1 ሜጋባይት፣ አራት ከሆኑ ግማሽ።

አንድ የማይረሳኝ ደግሞ 4532 ነው። ቴክሳስ 64 ኪሎቢት ብሎ ሠርቶ ግማሹ ብቻ ጤነኛ የሆነውን በ32 ስም ይሸጠው ነበር። ኦኪም 3732 የሚል ነበረው። ባለ 16 እግር ናቸው፣ 5 ቮልት ናቸው፣ መልካቸው ቁርጥ 4164 ነው። ኤክስቲ ላይ ብትሰኩት ግማሹን እያነበበ ግማሹን ይረሳል። የቤት ኮምፒውተሮች ላይ፣ ለምሳሌ ዜድኤክስ ስፔክትረም ላይ፣ በዓላማ የተገጠሙ ናቸው። ከነዚያ የወለቀ ቺፕ ካጋጠማችሁ ቁጥሩን ሁለቴ አንብቡ።

ከስሙ በኋላ ሰረዝ ይመጣል። ሰረዙ ፍጥነት ነው። በነዚህ አሮጌ ቺፖች ላይ ሁለት አኃዝ ከሆነ መጨረሻው ላይ ዜሮ ጨምሩ። 20 ማለት 200 ናኖ ሰከንድ፣ 15 ማለት 150፣ 12 ማለት 120። ቁጥሩ ሲያንስ ቺፑ ይፈጥናል። ኤክስቲ 200 ይበቃዋል። 150 ብትሰኩ ምንም አይለውም፤ 250 ብትሰኩ ግን ታጣላላችሁ። በኋላ በመጡት ባለ ሜጋቢቶች ላይ 70 ወይም 7 ካለ 70 ናኖ ሰከንድ ነው፤ ዜሮ እየጨመራችሁ 700 እንዳትሉ።

አንድ አኃዝ ብቻ ካለ ግን ከፋብሪካው ስም ውጭ አትመኑት። ሞስቴክ 4116 ላይ ሰረዝ 2 ካለ 150 ነው፣ ሰረዝ 3 ደግሞ 200። ኔክ ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሱ 416 ሰረዝ 2 ሲሆን 200፣ ሰረዝ 3 ሲሆን 150። አንዱ ቤት 3 ቀርፋፋ ነው፣ ሌላው ቤት ፈጣን።

በኋላ በመጣው የ486 ፕሮሰሰር ቦርድ ላይ ያለው ካሽ፣ ማለትም ለፕሮሰሰሩ ቅርብ የሆነው ፈጣን ሜሞሪ፣ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ባለ 28 እግር 61256 ላይ ሰረዝ 15 ካያችሁ 15 ናኖ ሰከንድ ነው እንጂ 150 አይደለም። የሚገርመው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከወጡ አንዳንድ የ486 ቦርዶች ላይ የካሽ ቺፖቹ ውስጣቸው ባዶ ፕላስቲክ ነው። ጀርባቸው ላይ «ራይት ባክ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ከሜሞሪ ቁጥር ይልቅ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ካያችሁ አትድከሙ። ውስጡ ምንም የለም።

ወደ 386 እና 486 ስትመጡ ቺፑ ቁራጭ ሰሌዳ ላይ ተበይዶ ይመጣል። ስለሱ ብዙ አልልም፤ ቀላል ነው። ባለ 30 እግር ሰሌዳ ላይ ዘጠኝ ቺፕ ካለ ፓሪቲ አለው፣ ስምንት ከሆነ የለውም። ሦስት ብቻ ከሆነ ሁለቱ ባለ አራት ቢት፣ ሦስተኛው ፓሪቲ ነው። ባለ ዘጠኙና ባለ ሦስቱ መጠናቸው አንድ ቢሆንም፣ አንዳንድ ቦርድ አንድ ባንክ ውስጥ ሲቀላቀሉ ያኮርፋል። ለ286 እና ለ386ኤስኤክስ በሁለት በሁለት ነው የሚሰካው፣ ለ386ዲኤክስና ለ486 በአራት በአራት። ባለ 72 እግሩ ላይ ኢዲኦ (ከተራው ፈጠን ያለው የሜሞሪ ዓይነት) ነው አይደለም የሚለውን የቺፑ ስም መጨረሻ ይነግራችኋል። ሂታቺ 5118160 ተራው ነው፤ 5118165 ኢዲኦ ነው። አሮጌ 486 ኢዲኦውን አልቀበልም ሊል ይችላል።

ጽሑፍ ሲጠፋባችሁ የሚሠራውን ልንገራችሁ። ከምንም በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ለምን? እኔ አንዱን ቺፕ በአልኮል ላጸዳ ብዬ ጽሑፉን ጥርግ አድርጌ አውጥቼዋለሁ። የአንዳንዱ ጽሑፍ ቀለም ብቻ ነው፣ አልኮል ይወስደዋል። ከፎቶው በኋላ ክፍሉን አጨልሙና የስልክ መብራት ከጎን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ከላይ ሲበራበት የማይታየው ከጎን ይታያል። አልታይ ካለ ጠመኔ። ጠመኔው እግሮቹ ላይ እንዳይቀር በደረቅ ብሩሽ ጠርጉት።

ከውጭ በፖስታ ካስመጣችሁ ደግሞ ጽሑፉ በጣም ሲያምር ተጠራጠሩ። የአርባ ዓመት ቺፕ ጀርባ ላይ ዛሬ የተጻፈ የሚመስል ነጭ ፊደል፣ ፊቱም እንደተሞረደ ደብዛዛ ከሆነ፣ ተፍቆ እንደ አዲስ የታተመ ሊሆን ይችላል። ጥጥ በአሴቶን ነክሬ ጥጉ ላይ ነካ አደርገዋለሁ። ጥቁር ቀለም ጥጡን ከያዘው ቺፑ ሌላ ስም ነበረው ማለት ነው።

ወደ ኤክስቲዬ ልመለስ። 4164 አዲስ አበባ ውስጥ አጣሁ። አንድ ቺፕ ብቻ ነበር የፈለግኩት። በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ ዘንድ ከሞተ ቦርድ የወለቀ 41256 ተገኘ፣ ሰረዙ 15። 41256 የ4164 ታላቅ ወንድም ነው። ቮልቴጁ አንድ ነው፣ እግሮቹም አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት እግር 1 ላይ ብቻ ነው። እዚያ 4164 ባዶ ነው፣ 41256 ደግሞ ተጨማሪ አድራሻ አለው። ስለዚህ 4164 ሶኬት ላይ ሲሰካ እግር 1 አየር ላይ ይንጠለጠላል። እንዲሁ ብትተዉት ዛሬ ሠርቶ ነገ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። እኔ ፀጉር የምታህል ሽቦ ወስጄ በቺፑ ጀርባ ላይ ከእግር 1 ወደ እግር 16 በየድኩት። እግር 1ን ራሱን ሶኬቱ ውስጥ እንዳይገባ በፒንሳ ቀስ ብዬ ወደ ውጭ አጠፍኩት። አንድ ጊዜ ብቻ እጠፉ፤ ሁለቴ ከታጠፈ ይቆረጣል።

የታመመውን ሳወጣ ቀጭን ካቻቢቴ ተጠቀምኩ። ከአንድ ጎን ትንሽ፣ ከሌላው ጎን ትንሽ። በአንድ ጎን ብቻ ካነሳችሁ ሌላኛው ጎን ያሉት እግሮች ይጣመማሉ። ከመንካቴ በፊት የሳጥኑን ብረት ነካሁ፤ በተለይ በበጋ አየሩ ሲደርቅ ከሰውነት የሚወጣው ብልጭታ ቺፕ ይገድላል። አዲሱን ሳስገባ ጎድጓዳው ከጎረቤቶቹ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ መሆኑን አየሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ከጎን አየሁት፤ አንድ እግር ሆዱ ሥር ታጥፎ ከላይ ሲታይ የገባ ሊመስል ይችላል። አልታጠፈም።

አበራሁት። ዝም አለ። ከዚያ ቁጥሩ ጥግ ላይ መቁጠር ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ ሻይ ለመጠጣት ጊዜ አለ። 64፣ 128፣ 192። ባለቤቴ እጇን እያደረቀች መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«256 ኪሎባይት ኦኬ» አለ።

«ስንት ነው እሱ?» አለች።

«ሙሉ ነው» አልኳት።

ከምናለሽ ተራው ካርድ የወረዱት አሥራ ስምንቱ ኤምቢ 8116ዎች አልተጣሉም። ፎይል በተጠቀለለ ካርቶን ላይ እግራቸውን ሰክቼ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ተራ ስፖንጅ ላይ አልሰካሁም፤ እሱ ራሱ ብልጭታ ያመጣል። አሥራ ሰባቱ ላይ ምንም የለም። ያንን የተሳሳተ ሶኬት ውስጥ ያደረው ላይ ግን በባለቤቴ የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጌበታለሁ፤ ይሥራ አይሥራ ገና አልፈተንኩትም። የቆርቆሮው ክዳን ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፦ «12 ቮልት! ቀን አይደለም!»